ያለ አደጋ ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ቀን

እነሆ፣ በካልጋሪ ከተማ፣ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ጎማ ቤትና ከሁለት የቆሙ ተሳቢዎች ጀርባ በሚገኘው መጋዘን፣ ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ቀን ሙሉ የማንም ሰው ጣት በዕቃ መጫኛ ፓሌት ሥር ሳይጨፈለቅ መዋሉና ማደሩ፣ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ በስሜት እየተቆራረጠ በይፋ ታወጀ። ኬክ ተቆረሰ። ኬኩን የሚቆርሰው ሰው ጓንት እንዲያጠልቅ ተነግሮት አጠለቀ። ሽልማቱም ተገለጸ፦ የተመረጡ ስምንት ሠራተኞች በአስጎብኚ እየተመሩ በበረዶ ግግር ላይ በእግር ይጓዛሉ።

"ዓመት ሙሉ እንዳንወድቅ ሲጠብቁን ከርመው፣ አሁን የምንወድቅበት ቦታ ድረስ ሊወስዱን ነው?" ብሎ ነበር መኳንንት በአማርኛ፣ አጠገቡ ለቆመው ለማትያስ። ማትያስ ሳቀና ለሁሉም በእንግሊዝኛ ተረጎመው። ማንም አልሳቀም።

እንግዲህ ያ ቀን ደርሶ፣ መኳንንት አታባስካ በሚሉት የበረዶ ግግር ጫፍ ላይ ተንበርክኮ ከጫማው ሥር ባለጥርስ ብረት እያሰረ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ሲነዳ አድሯል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሺፍቱ ሲያልቅ የጉዞው ቫን በር ላይ ይጠብቀው ነበር። ድካም የአደጋዎች ሁሉ እናት ነው የሚል ፖስተር መጋዘኑ ውስጥ ሦስት ቦታ ተለጥፏል፤ የጉዞውን ሰዓት ያወጣው ግን ፖስተሩን የለጠፈው ሰው ራሱ ነው።

ያ ሰው ሥራ አስኪያጁ ዳግ ነው። እጁን ኪሱ ከትቶ የሚራመድ ሠራተኛ ካየ በጽሑፍ ያስጠነቅቃል። ዛሬ ብርቱካንማ ጃኬት ለብሶ እያንዳንዱን ሰው ትከሻው ላይ መታ መታ ያደርጋል። የመኳንንት ተራ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስለዚያች ነገር ዛሬ እንነጋገራለን" አለው።

ያቺ ነገር የቀን ሺፍት ሱፐርቫይዘርነት ናት። መኳንንት ዘጠኝ ዓመት በሌሊት ሠርቷል። ሚስቱ ወለተማርያም በአረጋውያን መጦሪያ ቀን ቀን ትሠራለች። ራንድል ሰፈር ካለው ቤታቸው በር ላይ እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች፤ ትዳራቸው በቁልፍ መቀባበል ላይ የቆመ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሦስት ሱፐርቫይዘሮችን ያሠለጠነው እሱ ነው። የመጨረሻው፣ ታይለር የሚባለው፣ ሲመጣ ፎርክሊፍት ወደ ኋላ መንዳት እንኳ አይችልም ነበር። አሁን ለመኳንንት ፈቃድ የሚሰጠውና የሚከለክለው ታይለር ነው። ትናንት ማታ ወለተማርያም ከበሩ ላይ፣ "ሂድና ፈገግ በል። ባይመጣልህም በል" ብላዋለች።

አስጎብኚዋ ክሎዊ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት፣ ፀሐይ አፍንጫዋን የላጣት ልጅ ናት።

"ሕጌ አንድ ነው" አለች። "በእኔ ዱካ ላይ፣ በአንድ መስመር። አንድ ሰው ቢንሸራተት ሌላው ባለበት ይቆማል። ማንም ማንንም ለማዳን አይሮጥም። ያ የእኔ ሥራ ነው። ድገሙልኝ።"

ከሁሉም ጮክ ብሎ የደገመው ዳግ ነበር።

በረዶው ከሩቅ እንደሚታየው ነጭ አይደለም። አቧራና ጠጠር ለብሶ ይጠቁራል፤ በስንጥቆቹ ውስጥ ደግሞ ሰማያዊ ነው። በየቦታው ውሃ ይወርዳል። አንድ ጅረት ዳር ሲደርሱ ክሎዊ ጎንበስ ብላ በኩባያ ቀዳችና፣ "የዱሮ በረዶ ነው፤ እንዲህ ያለ ውሃ የትም አትጠጡም" አለች። ኩባያው እየዞረ መኳንንት ጋ ደረሰ። ተቀብሎ ለማትያስ አሳለፈው።

"ምነው፣ አይጠጣም?" አለው ዳግ ማትያስን።

ማትያስ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ካልጋሪ የመጣው በልጅነቱ ነው። መኳንንትን ጋሼ ይለዋል፣ ወዲያው ደግሞ አንተ ይለዋል። "እየጾመ ነው" አለ። "ፍልሰታ ይባላል።"

"ውሃም?"

"ውሃም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት።"

"ለምን?"

ማትያስ የወንጌል አማኝ ነው፤ ፍልሰታን አንድ ቀን ጾሞ አያውቅም። ይህ ግን አምስት ደቂቃ ሙሉ ከማብራራት አላገደውም። ሌሎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። መኳንንት እንደ ካርቶን ጀርባ ጽሑፍ ሲነበብ ቆሞ ጠበቀ።

"ማነው ጠበቃ ያደረገህ?" አለው መንገድ ሲቀጥሉ።

"ጋሼ፣ ሪላክስ። ሰዎቹ እኮ ኪዩሪየስ ናቸው። ካልነገርካቸው ራሳቸው አንድ ነገር ይፈጥራሉ።"

"ይፍጠሩ።"

"ፕሮሞሽኑን ትፈልጋለህ ኦር ኖት?"

መኳንንት ይፈልጋል። የሚያናድደውም መፈለጉ ነው።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ክሎዊ ሁሉንም አቁማ፣ ከፊት ያለውን መንገድ በበረዶ መጥረቢያዋ እየወጋች ለመፈተሽ ሃያ እርምጃ ያህል ራቀች። ዳግ የኩባንያውን ስልክ አወጣ።

"ለድረ ገጻችን አንድ ፎቶ" አለ። "ጠጋ ጠጋ በሉ።"

ሁሉም በፎቶው ውስጥ ስላልገቡለት ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ኋላ ተራመደ። አንድ እርምጃ። ሁለት። መኳንንት ዓይኑ ከዳግ ጀርባ ባለው በረዶ ላይ ነበር፤ ሥራው ነው፣ ወደ ኋላ የሚሄድን ነገር ሁሉ ጀርባውን ያያል። ከዳግ ተረከዝ በኋላ በረዶው እንደ ታጠበ ሳህን ይለሰልሳል፤ በልስላሴው ላይ ቀጭን ውሃ ይፈስሳል፤ ውሃው አንድ ክብ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የውሃው ድምፅ ብቻ ነው ያለው።

"ፈገግ በሉ" አለ ዳግ፣ እግሩም ከዳው።

"እኔን!"

መኳንንት ቃሉን ሲሰማ ከአፉ ወጥቶ ነበር፣ እሱም ከመስመሩ ወጥቶ ነበር። በሆዱ ተንሸራትቶ የዳግን የቦርሳ ማንገቻ ያዘ፤ የጫማውን ጥርሶች በረዶው ላይ ተከለ፤ ጉልበቱ በጠጠር ተፈገፈገ። ቆሙ። የዳግ ጫማ ከጉድጓዱ ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም። ስልኩ ግን አልቆመም፤ ተንሸራትቶ ገባ። ሁሉም ጆሮአቸውን አቀኑ። ሲያርፍ የሰማ የለም።

"ስልኩ" አለ ዳግ።

ክሎዊ ደርሳ ሁለቱንም በገመድ ጎትታ አወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። "አንተ ከመስመር ወጣህ" አለችው ዳግን። ወደ መኳንንት ዞራ፣ "አንተም ወጣህ" አለች፤ ቀጥላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ባትወጣ ኖሮ ግን..." ብላ ተወችው። ጉዞው እዚያ ላይ አበቃ።

ቫኑ ወደ ካልጋሪ መመለስ ጀመረ። ሌክ ሉዊዝ ነዳጅ ማደያ ሲቆሙ ስልኮች መሥራት ጀመሩ። መኳንንት ከቆሻሻ መጣያዎቹ አጠገብ ቆሞ ደወለ።

"ሽርሽሩ እንዴት ነው?" አለች ወለተማርያም፤ ከኋላዋ የሳህን ድምፅ ይሰማል።

"ደህና ነው። ትንሽ ጉልበቴን ተላጥኩ።"

"እኔን!" አለች። "ደማ? ታጠብክበት? ስንቴ ተጠንቀቅ አልኩህ።"

መኳንንት ወደ ጉልበቱ ጎንበስ አለ። ይህች ሴት አሥራ ስምንት ዓመት አብራው ኖራለች፤ የደረሰበት ይድረስብኝ ብትል መብቷ ነው። እሱ ግን ለማን አለው? ማንም ደረጃ ላይ ቢደናቀፍ እንዲህ ይባላል፣ እሺ፤ ለጎረቤት ልጅም፣ አውቶቡስ ላይ ላገኙት ሽማግሌም ይባላል። በምድር ላይ ካለው ሕዝብ ሁሉ ተመርጦ ለዳግ። በሹመት ሦስቴ ለዘለለው ሰው። ደግሞ ከልቡ ነበር፤ በዚህ ነው ያረረው።

"ስለ ሥራው አነጋገረህ?" አለች።

"ሊያነጋግረኝ ነው።"

"እሺ በለው ብቻ። የሚለውን እሺ በለው። ሰው በሌሊት ሥራ ስንት ዓመት ይኖራል?"

ዳግ ከማደያው ጎን ባለ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ፎርም ዘርግቶ ይጠብቀው ነበር። ከመጋዘኑ እዚህ ድረስ ፎርም ይዞ መጥቷል። ማትያስ ከጎኑ ተቀምጦ ቺፕስ ይበላል።

"ተቀመጥ" አለ ዳግ። "በመጀመሪያ፣ አመሰግናለሁ። በሁለተኛ ደረጃ፣ ሪፖርት መደረግ አለበት። አደጋ አይደለም፤ ሊደርስ የነበረ አደጋ ነው። ስለዚህ ሦስት መቶ ስድሳ አምስቱ ቀን አይነካም።"

መኳንንት ፎርሙን አነበበው። ከሕግ ውጭ የተንቀሳቀሰው ሠራተኛ ስም በሚለው ቦታ ላይ የሱ ስም ተጽፏል፤ ፊደሉ ተሳስቷል።

"ያንተ ስም የት አለ?" አለው።

"እኔ ፎቶ እያነሳሁ ነበር። የኩባንያ ሥራ ነው።"

"ወደ ኋላ እየሄድክ።"

"መኳንንት" አለ ዳግ፣ ስሙን እንደ ሁልጊዜው መሀሉ ላይ ሰብሮ፣ "እየረዳሁህ ነው። የቀኑን ቦታ ለሰኞ ስብሰባ አቅርቤዋለሁ። የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው ሥርዓት ያከብራል ወይ? አንተ እዚህ ላይ 'ደነገጥኩ፣ ጮኽኩ፣ ተሳስቼ ከመስመር ወጣሁ፣ ተምሬበታለሁ' ብለህ ጻፍ። ስብሰባው ላይ ታነበዋለህ። ያጨበጭቡልሃል። ሥራው ያንተ ነው።"

"አልደነገጥኩም።"

"ጮኸሃል እኮ። ሁሉም ሰምቷል። ሰባተኛው ጥያቄም ይኸው፤ ሠራተኛው በወቅቱ ምን ተናገረ?" ዳግ ፈገግ አለ። "ስድብ ከሆነ አልቀየምም።"

"ኖ ኖ፣ ዳግ፣ ስድብ አይደለም" አለ ማትያስ በእንግሊዝኛ፣ የቺፕሱን ጨው ከጣቱ እየጠረገ። "አክቹዋሊ በጣም የሚያምር ነገር ነው። በእኛ ባህል አንድ ሰው ሲወድቅ..."

"ማትያስ" አለ መኳንንት።

"ምን? ልንገረው እንጂ" አለ ማትያስ ወደ አማርኛ ተመልሶ። "ጋሼ፣ ቢያውቅ እኮ ያለቅሳል። በጣም ነው ደስ የሚለው።"

"ደስ ስለሚለው ነው የማትነግረው።"

ማትያስ ቺፕሱን ወደ መብላት ተመለሰ።

መኳንንት እስክሪብቶውን አነሳ። የስሙን ፊደል አስተካከለ። ሰዓቱን ጻፈ፣ ቦታውን ጻፈ። ከስሙ ሥር፣ ከመስመር የወጣው ሁለተኛ ሰው በሚል፣ የዳግን ስም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጨመረ። ሰባተኛውን ጥያቄ ዘለለው። ከታች ፈረመ። ሰኞ ማታ አራት ሰዓት ላይ ፎርክሊፍቱ ላይ እንደሚቀመጥ፣ ከሰኞ በኋላ ባሉት ማታዎችም እንደዚያው፣ ሲፈርም ያውቃል። ለወለተማርያም ምን እንደሚላት ግን ገና አላወቀም። ወረቀቱን ወደ ዳግ ገፋው።

ዳግ አነበበ፤ አንገቱ ቀላ። ጣቱን ባዶው ሣጥን ላይ አሳረፈ።

"ይሄ ባዶ ሊሆን አይችልም። ምንድነው ያልከው? ለምንስ ነው የዘለልከው?"

"አልናገርም።"

"ምክንያት መኖር አለበት።"

"አለ" አለ መኳንንት ከመቀመጫው እየተነሳ። "አልነግርህም።"