የአንድ ለአምስቷ ዓምድ

ማሽኑ ያለው ይህን ነበር፦ የዚህ አካል ላይሰንስ አልተገኘም፤ በዚህ የፕሮግራም መሥሪያ ውስጥ ልትጠቀምበት አትችልም። ከሥሩ አንዲት ቁልፍ ብቻ አለች፤ «እሺ» ትላለች። አንዷለም ከጠዋት ጀምሮ እሺ ሲል ነው የዋለው። ከልክሎህ ሲያበቃ እሺ በል የሚልህን ነገር የመንግሥት ሠራተኛ አያውቀውም አይባልም፤ ስብሰባ ላይ ግን ቢያንስ ሻይ አለ።

ጉዳዩ ሲያዩት ቀላል ነበር። የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ከጓሳ፣ ከጋራው ጥብቅ የሣር መሬት፣ የክዳን ሣር ለማጨድ ተራ የደረሳቸውን አባወራዎች የሚመዘግብበት ፕሮግራም አለው። የሠራው ፍሬአብ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ አንዷለም ተተካ። የአንዷለም ሚስት ጽዮን ደብረ ብርሃን ናት፣ ወሯ ገብቷል። ወደዚያ መዛወሩ ተፈቅዷል፤ የቀረው የኃላፊው የአቶ ማዕረግ መልቀቂያ ነው። እሳቸውም እንቢ አላሉም።

«አንዲት ዓምድ ጨምርልኝና ሂድ» አሉት። «አባወራው በየትኛው አንድ ለአምስት እንደታቀፈ የምታሳይ። ዞኖች ሰኞ ይመጣሉ።»

የጓሳ ሣር በአንድ ለአምስት ታጭዶ አያውቅም። አንዷለም ግን ይህን አልተነፈሰም። ሚስቱ ወሯ የገባ ሰው አይከራከርም።

ያለቀው ፕሮግራም ደህና ይሠራል። ዓምድ ለመጨመር ግን በተጻፈበት መሥሪያ መከፈት አለበት። እዚያ ሲከፈት ደግሞ ሠንጠረዡን የምትስለው ቁራጭ፣ ማሽኑ «አካል» ያላት፣ ከሌላ ድርጅት የተገዛችው፣ አሻፈረኝ ትላለች። በጓሳ ሣር በተከደነ ቤት ማንም ይኖራል፤ ማጭድ ይዞ ጓሳ የሚገባው ግን ባለመብቱ ብቻ ነው። ቁራጯም ጠባይዋ እንደዚያው ሆነ።

አንዷለም አጠፋት፣ መልሶ ጫናት። ማሽኑን ዘግቶ ከፈተው። እንደ ሁዳዴ በሚረዝመው ኢንተርኔት ሌላ ቅጂ አወረደ። ላይሰንስ አልተገኘም። እሺ። በመጨረሻ ፍሬአብ ጋ ደወለ።

«ፋይሏን ብቻ ነው የገለበጥካት?» አለ ፍሬአብ።

«ሌላ ምን ልገልብጥ?»

«ላይሰንሱ ፋይሏ ውስጥ አይደለማ። ከሲዲው ስትጭናት ነው ማሽኑ ላይ የሚመዘገበው። የእኔ ማሽን ላይ አለልህ።»

«ካይዘን ተብሎ ቢሮው ሲጸዳ ያንተም ማሽን ጸዳ።»

«አቧራውን?»

«ሁሉንም።»

«እንግዲያው ሲዲውን ፈልግ። መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ሰማያዊ ጽሑፍ አለበት።»

መሳቢያው ባዶ ነበር። አንዷለም ወደ ንብረት ክፍሏ ወይዘሮ የትምወርቅ ሄደ።

«ለረጅም ጊዜ ያልተነካ ዕቃ አያስፈልግም ተብለን ነው የለየነው» አሉት። «እኔ ሲዲውን ነክቼው አላውቅም። አንተ ነክተኸዋል?»

«ኧረ አይቼውም አላውቅ።»

«ይኸውልህ። ዘበኛው ጫኔ ለገብሱ ወሰደው።»

የጫኔ ማሳ ከከተማው በላይ ነው። ገብሱ ፍሬ ይዟል። በየእንጨቱ ላይ በገመድ የተንጠለጠሉ ሲዲዎች በነፋስ እየተሽከረከሩ ያብለጨልጫሉ። ከመካከላቸው ባለ ሰማያዊ ጽሑፉ አለ።

«ጋሼ ጫኔ፣ ይቺ እኮ የመንግሥት ናት።»

«ሁሉም የመንግሥት ነው። ወፉም አውቆ ነው የሚፈራው።»

«ለአንድ ቀን ልውሰዳት?»

«ወፉንም አብረህ ውሰዳ። ካልሆነ በምትኳ የሚያብለጨልጭ ነገር ስቀል።»

አንዷለም ኪሱን ቢዳብስ ምንም የለም። ደረቱ ላይ ያለውን፣ ስሙና ፎቶው በፕላስቲክ የተለበጠበትን ባጅ ፈትቶ ሰቀለ። ጫኔ ራቅ ብለው አዩት።

«ፊትህ ይበጃል» አሉ።

ሲዲዋን የክረምቱ በረዶ ጠብጥቧታል። በሸሚዙ ጫፍ ወለወላት፣ ተነፈሰባት፣ እንደገና ወለወላት። ማሽኑ ውስጥ ስትገባ እንደ ወፍጮ አጓራች። መጫኑ እስከ ግማሽ ሄደና ቆመ። ዲስኩ አይነበብም። አውጥቶ መለሳት። አይነበብም። ሲመሽ አቶ ማዕረግ ፊት ቀርቦ ከላይሰንሱ እስከ ገብሱ ያለውን አንድ በአንድ አስረዳ።

«ለአንዲት ዓምድ ይህን ሁሉ?» አሉት። «በል ያለውን አትምልኝ።»

አተመ። አቶ ማዕረግ ማስመሪያ ይዘው በወረቀቱ ቀኝ ጠርዝ ላይ መስመር አሰመሩ። ከላይ «አንድ ለአምስት» ብለው በእስክሪብቶ ጻፉ፤ ከዚያ ምላሳቸውን በጥርሳቸው ነክሰው፣ በየስሙ ትይዩ «ታቅፏል»፣ «ታቅፏል» እየጻፉ እስከ ታች ወረዱ። ወረቀቱ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ የእጁና የማሽኑ ጽሑፍ እኩል ጠቆረ።

ሰኞ ዞኖቹ መጡ፣ ገለጡ፣ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛው እንዲያውም ሲስተማችሁ ለሌሎች ወረዳዎች ተሞክሮ ይሆናል አለ። ምሳ በልተው ሄዱ።

«አሁን እንግዲህ መልቀቂያዬን» አለ አንዷለም።

«እሰጥሃለሁ እንጂ። ግን በኮምፒውተርም ላኩልን ብለዋል። ወረቀቱና ማሽኑ ሊለያዩብን ነው፤ ዓምዷን አስገባና ሂድ።»

«አትገባም ብዬ ነግሬዎታለሁ እኮ፣ አቶ ማዕረግ።»

«እሱን እንግዲህ አንተ ታውቃለህ፣ ባለሙያው አንተ ነህ። እኔ በበኩሌ አስገብቻታለሁ።»

ውጭ ወጥቶ ጽዮን ጋ ደወለ።

«ፈረሙልህ?»

«ዓምዷ ካልገባች አልፈርምም አሉ።»

«ገባች አላልከኝም ነበር?»

«ወረቀቱ ላይ ነው የገባችው።»

«ስማኝ አንዷለም» አለች፣ «ከሌሊት ጀምሮ ወገቤን እየቆረጠኝ ነው። እኔ እጠብቅህ ይሆናል። ይሄ ልጅ ግን የአቶ ማዕረግን ፊርማ አይጠብቅም።»

ያለ መልቀቂያ የሄደ ሰው ደመወዙም ዝውውሩም እንደሚቆም ያውቃል። መኪና መናኸሪያው ድረስ ሲሄድ ይህንኑ ሲያሰላ ነበር፤ ስሌቱ ግን በየት በኩል ቢገቡበት አልወጣ አለው። ረዳቱ «ደብረ ብርሃን፣ አንድ ሰው ቀረኝ» እያለ ይጣራል። አንዷለም ገባና በሩን ከውስጥ ሳበው።