የቢቸና ሴት ፈትል

ባሌ ባዘዘው ከሞጣ ሲመለስ የለበሰው ጋቢ የኔ ፈትል አልነበረም። ገና በር ላይ ሳለ አወቅሁት። ሴት የእጇን ፈትል እንደ ልጇ ድምፅ ትለያለች። ይህኛው ቀጭን፣ ልስልስ፣ አንድ ቋጠሮ የሌለው ነው።

«ይሄን ማን ፈተለው?» አልሁት።

«ከገበያ ገዛሁት። አሮጌውን ለምስኪን ሰጠሁት» አለና ፊቱን አዞረ።

ሚስት ያለው ሰው ጋቢ ከገበያ ይገዛል? ባዘዘው እህል መዛኝ ነው፤ የደርግ መንግሥት የገበሬውን ኮታ ሲሰበስብ ሞጣ ይልከዋል፣ እዚያም ይሰነብታል።

ጎረቤቴ ፈንታነሽ ጋቢውን ዳስሳ ከንፈሯን መጠጠች። «አላልሁሽም እቴ! የሞጣ ሴት እንዝርቷን ካሾረች ወንድ ከእግሯ ሥር አይነሳም። የአክስቴ ባል እንዲያ አይደል የቀረው?»

ቢቸና ላይ ይህን እየሰማን ነው ያደግን። እኔ ከሞጣ ሴት ጋር ቃል ተለዋውጬ አላውቅም፤ ግን አመንሁ። ጋቢው አልጋዬ ላይ በተዘረጋ ቁጥር እሷ ራሷ የተኛች ይመስለኝ ጀመር።

ግንደወይን ያለችውን እኅቴን ልጠይቅ ብዬ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አስጻፍሁ። ጋቢውን ጠቅልዬ እህል መኪና ላይ ወጣሁ፤ ግንደወይንን አለፍሁና ሞጣ ወረድሁ። ገበያ ላይ ጋቢውን ያሳየኋት ፈትል ሻጭ ጫፉን አሻሸችና «ይሄማ የውበቴ እጅ ነው» ብላ ቤቷን ጠቆመችኝ።

ስሟ ራሱ ውበቴ!

ደጃፏ ላይ ከጎረቤቶቿ ጋር ስትፈትል አገኘኋት። ስሟን የምታህል ቆንጆ አይደለችም፤ ይህም አላጽናናኝም። ከባዘቶው የምትስበው ክር የሸረሪት ድር ነው የሚመስል። ጥቅሌን ከኋላዬ አድርጌ «ለባሌ ጋቢ ፈትል ፈልጌ ነው» አልሁ።

«ማሰብሽ ደግ ነው። አንዳንዷ ባሏን ምን እንደምታለብስ ላሳይሽ!» ብላ ከጓዳ ጋቢ ይዛ ወጣች። የኔ ነው። ከነቋጠሮው።

«ከባሌ ጋር እህል የሚመዝን የቢቸና ሰው አለ፤ እኛው ዘንድ ነው የሚያድር። በብርድ ሲንቀጠቀጥ ባሌ ‘አንዱን ስጪው’ አለኝና ሰጠሁት። ይሄን ‘የሚስቴ ፈትል ይኸውላችሁ’ ብሎ ትቶልን ሄደ። የመጣ እንግዳ ሁሉ ያየዋል።»

«የቢቸና ሴት አፏ እንጂ እንዝርቷ አይሾርም ሲሉ ውሸት ይመስለኝ ነበር» አለች አንዷ። ሁሉም ሳቁ።

ባል እንዳላት ሰማሁ። ታዲያ ምን ይጠቅመኛል? ባዘዘው እዚህ ደጃፍ ተቀምጦ፣ ይህችን ሴት እያየ፣ በኔ ፈትል ስቋል። ቤት ለኔ ስቆ አያውቅም።

«የኔ ነው» አልሁ። «ክንዴ ወልቆ ወጌሻ አስሮልኝ ሳለ በግራ እጄ እያሾርሁ የፈተልሁት ነው። ጎረቤት እንፍተልልሽ ሲለኝ የሌላ ሴት ፈትል ገላውን አይነካም ብዬ። ይህን አልነገረሽም?»

የውበቴ እንዝርት ቆመ። «አልነገረንም» አለች።

«እኛስ መች ጠየቅነው» አሉ ጥግ የተቀመጡ አሮጊት።

የሷን ጋቢ እግሯ ሥር አስቀምጬ የኔን አነሳሁ። «ሁለቱንም ውሰጂ፣ እኅቴ፤ ብርድ ነው» ብላ ተከተለችኝ። ዞሬ አላየኋትም።

ቤት ስደርስ ቋጠሯሙን ጋቢ ለባዘዘው ወረወርሁለት። «ልበስ! ሞጣም ስትሄድ ይሄንኑ ነው የምትለብስ። ‘የሚስቴ ፈትል’ ስትል ክንዴንም ጨምረህ ትነግራቸዋለህ።» አንስቶ ለበሰው።

ፈንታነሽ እየሮጠች መጣች። «እህ፣ የሞጣ ሴት እንዴት ናት?»

«አንዷን ነው ያየሁ።»

«እሷስ?»

መልከ ጥፉ ናት፣ መተተኛ ናት ልል ምላሴን በላኝ። ብል ፈንታነሽ ለቢቸና ሁሉ ታዳርስልኝ ነበር።

«ትፈትላለች» አልሁ። «ከኔ ትበልጣለች።»

ክንዴ ሲወልቅ እንኳ እንዲያ አላመመኝም።