ኩባያው ውስጥ የቀረው ማንኪያ

ጸሐፊዋ አዲሷን የሒሳብ ሠራተኛ ዓይኗን ማየት አትፈልግም ነበር። አለቃቸው አሥራ ሁለት ዓመት ያገለገለችውን እሷን ትቶ አዲሷን ብቻ ያመሰግን ነበር።

አንድ ቀን አዲሷ ልጅ ሻይ ልታሞቅ ኩባያዋን ከነብረት ማንኪያው ማይክሮዌቭ ውስጥ ስታስገባ አየቻት። «ይፈንዳና ጉዷ ይታይ» ብላ ዝም አለች። ሻዩ ግን በሰላም ሞቀ።

«እንዴት አልፈነዳም?» አለች ጸሐፊዋ ሳታስበው።

«የማንኪያ ጫፍ ክብ ነው፤ ሙቀቱንም ሻዩ ይወስደዋል። የማይክሮዌቩን ግድግዳ ካልነካ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ሹካ ቢሆን በሹል ጥርሶቹ መካከል እሳት ይረጫል።» ልጅቷ ድንገት ቆም አለች። «እትዬ፣ ይፈነዳል ብለው ካሰቡ ለምን አልነገሩኝም?»

«ቀንቼብሽ ነው» አለች ጸሐፊዋ።

ልጅቷ ኩባያዋን ይዛ ወጣች። ጸሐፊዋ በማግስቱ ሰው ሁሉ እየሰማ ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ቅናቱ ግን ያን ቀንም አልለቀቃትም።