የወለላ ሁለት ኪሎ

የትነበርሽ መታመሟን ሰው እስኪያምናት አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶባታል። ትከሻዋን ተወት ሲያደርጋት ወገቧን፣ ወገቧን ሲተዋት ጭኗን ይይዛታል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ መላ አካሏ በዱላ እንደተቀጠቀጠ ይሆናል። ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ፣ ዓይኑን እንዳልከደነ ሰው ደክማ ትነሣለች። ደሟ ተመረመረ፣ ንጹሕ ነው ተባለ። ራጅ ተነሣች፣ ምንም የለም ተባለ። ጠበልም ተጠመቀች። ዘመድ ወዳጁ መጀመሪያ አዘነላት፣ ቀጥሎ ዝም አለ፣ ኋላ ማማት ጀመረ።

ከሐሜቱ ሁሉ ከልቧ ያልወጣው የታናሽ እህቷ የወለላ ነው። አምባ ጊዮርጊስ ላይ በእናታቸው ተዝካር፣ የትነበርሽ እንስራ ማንሣት አቅቷት ጥግ ይዛ ብትቀመጥ፣ ወለላ ለሴቶቹ «የእህቴ ሕመም ሥራ ሲያይ ነው የሚነሣ» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። የትነበርሽ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። አዘዞ ቤቷ ከገባች በኋላ ግን ሁለት ቀን እህል አልወርድላት አለ።

በስድሳ ሦስት ዓመቷ አንዲት ሐኪም የሕመሙን ስም ነገረቻት፤ ፋይብሮማያልጂያ ይባላል። ነቅሎ የሚያወጣው መድኃኒት የለም፣ ጡንቻን በልክ ማጠንከር ግን ያለዝበዋል ብላ ጎንደር አራዳ ወዳለ አንድ አዳራሽ ላከቻት። እዚያ ጌትነት የሚባል ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ማክሰኞና ዓርብ ጧት በዕድሜ የገፉ ሕመምተኞችን ያሠራል። ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሣት፣ ላስቲክ መሳብ፣ አሸዋ የተሞላ የውኃ ጠርሙስ ማንሣት ነው ሥራው። የትነበርሽ በግማሽ ኪሎ ጀምራ በሁለት ወር አንድ ኪሎ ደረሰች። ከሚኒባስ ስትወርድ የሰው እጅ መያዝ ተወች። ከሁሉ የበለጠላት ግን፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ «ዛሬ አሞኛል» ስትል «እውነት?» ብሎ የሚያያት አለመኖሩ ነው። ቦታው የእሷ ነበር።

በሦስተኛው ወር ወለላ መጣች። እሷንም ሰውነቷን ያማት ጀምሮ ነበር፤ ያችው ሐኪም አይታት በወሩ ያንኑ ስም ሰጠቻት። ለሕክምናው ብላ እህቷ ቤት ከረመች። ከአምባ ጊዮርጊስ የሚመጣው ዘመድ ሁሉ «አይዞሽ ወለላ» ይላል፤ ሲወጣ ደግሞ ወደ የትነበርሽ ዞሮ «አደራሽን፣ ታማለች እኮ» ይላታል። የትነበርሽ ደጅ ድረስ ትሸኛለች። ለእኔ አሥራ አንድ ዓመት፣ ለእሷ አንድ ወር ትላለች በሆዷ።

አዳራሹ ውስጥ ባሰ። ወለላ ዕድሜዋን ሁሉ ገብስ ስትሸከም የኖረች ሴት ናትና በስድስት ሳምንት ሁለት ኪሎ አነሣች። አያ አላምረው የሚባሉ ጡረታ የወጡ መሪጌታ ከወንበራቸው ሆነው «ሸጋ፣ ሸጋ» አሏት። እሳቸው ለየትነበርሽ አንድ ቀን እንዲህ ብለው አያውቁም። የራሷን መቁጠር ትታ የእህቷን ትቆጥር ጀመር።

አንድ ዓርብ ጌትነት ስልክ ሊያነጋግር ሲወጣ፣ የትነበርሽ የራሷን ጠርሙሶች አስቀምጣ የወለላን አነሣች። አሥር ጊዜ። ትንሽ አርፋ ደግሞ አሥር።

«እታለም፣ ቀስ» አለቻት ወለላ።

ያች «ቀስ» አናደደቻትና ሌላ አሥር ጨመረች።

በነጋታው ፀጉሯን ለማሰር እጇ አልነሣ አለ። የለበሰችው ጋቢ እንኳ ከበዳት። አምስት ቀን ከአልጋ አልወረደችም። ያበላቻትም፣ ትከሻዋ ላይ ሙቅ ጨርቅ ያደረገችላትም ወለላ ናት።

«ምነው እንዲህ አደረግሽ?» አለቻት በሦስተኛው ቀን።

የትነበርሽ ወደ ግድግዳው ዞረች። «እኔ ስታመም ስንፍና ነበር» አለች። «አንቺን ሲይዝሽ ሕመም ሆነ።»

ወለላ ጨርቁን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ ጨመቀች። «ተዝካር ለት ያልሁትን ሰምተሻል ማለት ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«አላመንሁሽም ነበር» አለች ወለላ። «አጨዳ ላይ ማጭዱ ከእጄ ሲወድቅ ባሌ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹እህትሽን መሰልሽ› አለኝ። እዚያው ገብሱ መሐል ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ለራሴ ይሁን ለአንቺ እንጃ።»

የትነበርሽ ይቅር ልትላት ፈለገች፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። «አሥራ አንድ ዓመት ረጅም ነው።»

«ረጅም ነው» አለች ወለላ፣ ጨርቁንም ትከሻዋ ላይ አደረገችላት።

ወደ አዳራሹ ስትመለስ ጌትነት ወደ ግማሽ ኪሎ አወረዳት። «እማማ፣ በነጋታው ሕመሙ ከወትሮው ካልባሰ ብቻ ነው የምንጨምረው» አላት። «የእርስዎ ጡንቻ ብዙ ዓመት ተኝቶ ነው የኖረው። ቀስ ብለን እንቀስቅሰው።» እንደ ጀማሪ ትንሿን ጠርሙስ ይዛ በሰው ፊት መቆሙ አቃጠላት፤ ቢሆንም ያዘዛትን አደረገች። ከዚያ ወዲህ ያለ ፈቃዱ አልጨመረችም። እንደገና በጀመረች በአራተኛው ወር አንድ ኪሎ ተኩል ደረሰች፤ በእጇ ሳትደገፍ ከወንበር አሥራ አምስት ጊዜ መነሣት ቻለች። ሕመሙ አልጠፋም፤ የሚመጣበት ቀን ግን ተራራቀ።

ወለላ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ወሬ መጣ። አራት የታመሙ ሴቶችን ግቢዋ ሰብስባ ታሠራለች፣ «መምህርት» ይሏታል አሉ። የትነበርሽ ደረቷ ነደደ። ማንን ጠይቃ? እኔ ሳልጀምር እሷ የት ታውቀው ነበር? በሰኞው አውቶቡስ ተሳፍራ አምባ ጊዮርጊስ ወረደች።

ሴቶቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው አገኘቻቸው። ወለላ አየቻትና ሥራውን አቆመች። «ያልኋችሁ እህቴ ይች ናት» አለቻቸው። «እኔ ሳላምናት ብቻዋን የጀመረችው እሷ ናት።» ከዚያም የራሷን ቦታ ለቀቀችላት።

የትነበርሽ ወደ ፊት ወጣች። ከፊታቸው ቆማ፣ አሠራሩን እያሳየች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ቆጠረችላቸው። ከአራቱ አንዷ፣ ታየች የምትባል አዛውንት፣ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመቻት።

ማታውን እህትማማቾቹ አንድ ላይ በሉ፤ በነጋታው ወለላ እስከ አውቶቡሱ ሸኘቻት። የትነበርሽ በመንገዱ ሁሉ ልቧ ቀለል ብሏት ነበር። ቅናቱ ግን ጨርሶ አልለቀቃትም። ወለላ ዘንድ ያሉት ሴቶች አራት ናቸው። አውቶቡሱ ጎንደር ሳይገባ፣ አዘዞ ላይ ሰብስባ የምታሠራቸውን የስድስት ጎረቤቶች ስም ቆጥራ ጨርሳ ነበር።