የአይጠፋኝ መዝገብ

በዚያ ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ፣ ዳኞቹን ጨምሮ፣ ራሱን በማክበር ከአይጠፋኝ የሚስተካከል ሰው አልነበረም። ሥራው በዋስ ተለቀው የችሎት ቀናቸውን የሚጠብቁ ተከሳሾችን መቆጣጠር ነው። ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ይመጣሉ፤ ፊታቸውን ያያል፣ መዝገቡ ላይ «መጣ» ብሎ ይጽፋል፣ ይሄዳሉ። ሥራው ይኸው ነው። እሱ ሲያወራው ግን አርባ አንድ ነብር በአንድ ክር አስሮ የሚጎትት ይመስል ነበር።

«ከእኔ እጅ ሰው አይጠፋም!» ይላል። ሻይ ቤት ይላል፣ ታክሲ ውስጥ ይላል፣ ፀጉሩን ሲስተካከል በመቀሱ ድምፅ ላይ እየጮኸ ይላል። አይጠፋኝ የሚለውን ስም ያወጡለት ተከሳሾቹ ናቸው። መጀመሪያ የተቆጣ መሰለ፤ በሳምንቱ ራሱ ስልክ ሲያነሣ «አይጠፋኝ ነኝ» ማለት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ እናቱ ባወጣችለት ስም ብትጠሩት ዞር ብሎ የሚያየው ሌላ ሰው ነው።

ሚስቱ ብቻ አልተበገረችለትም። «አርባ አንድ ወንጀለኛ አይጠፋህም፤ አንድ እግር ካልሲ ግን በየማለዳው ይጠፋሃል» ትለዋለች።

«ወንጀለኛ አይደሉም፣ ተከሳሾች ናቸው» ይላታል። ይህን ከልቡ ነበር የሚለው። አፉ ሰፊ ይሁን እንጂ ልቡ ክፉ አልነበረም።

ቢሮው በምድር ቤቱ ኮሪደር መጨረሻ ላይ ነው። ከጥበቷ የተነሣ እሱ ሲያስነጥስ ግድግዳው «ይማርህ» ሊል ምንም አይቀረው። ለባለጉዳይ የተቀመጠችው የብረት አግዳሚ ወንበር አንድ እግሯ ተሰብሮ በሦስት ጡብ ተደግፋለች። ከጠረጴዛው በላይ፣ በመስታወት ውስጥ፣ የምስጋና ወረቀት ተሰቅሏል፤ በዘጠኝ ዓመት አንድም ተከሳሽ ስላልጠፋበት የተሰጠው ነው። መስታወቱን በየጠዋቱ በእጅጌው ይወለውለዋል። ጠረጴዛው ላይ ያለው አቧራ ግን ጎመን ቢዘሩበት ያበቅል ነበር።

መዝገቡ የጥጃ ያህል ይከብዳል። ድሮ ተከሳሾቹ በገዛ እጃቸው ይፈርሙበት ነበር፤ አይጠፋኝ «የእኔ ዓይን ከፊርማ ይበልጣል» ብሎ አስቀረው። እውነቱ ግን ወዲህ ነው። ሰው ነውና አንዱ ያመዋል፣ አንዱን አውቶቡስ ያመልጠዋል። የቀረ ሁሉ ቀረ ተብሎ ከተጻፈ ያ ወረቀት ከግድግዳው ይወርዳል። ስለዚህ የቀረውንም «መጣ» ይለዋል፤ በሚቀጥለው ቀን ሲያገኘው ደግሞ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ያምባርቅበታል። በዚህ መንገድ አንድም ሰው አልጠፋም። በመዝገቡ ላይማ አንድም ሰው ታሞ፣ ዘግይቶ፣ ዝናብ ይዞት አያውቅም። እንዲህ ያለ ጨዋ የተከሳሽ ጭፍራ ዓለም ከተፈጠረች ጀምሮ አልታየም።

ከአርባ አንዱ መካከል በእውነት ቀርቶ የማያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ በያጁ። የቀድሞ አሠሪውን ወርክሾፕ አቃጥለሃል ተብሎ የተከሰሰ፣ ክንዱ በብረት ፍንጣሪ የተዥጎረጎረ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሰኞ ሰኞ ዓይነ ስውር አባቱን በክንዱ ደግፎ ይመጣል። ሽማግሌው ከልጃቸው ሌላ ሰው የላቸውም፤ የሚያለብሳቸውም፣ የሚያበላቸውም፣ ደረጃ የሚቆጥርላቸውም እሱ ነው። በደህና ጊዜያቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ምላሳቸው እስከ ዛሬ ፍሬን የለውም።

«አይጠፋኝ የሚሉህ አንተ ነህ?» አሉት መጀመሪያ የመጡ ዕለት።

«ነኝ አባባ!»

«እንግዲያው ዓይኔን ፈልግልኝ።»

አንድ ሳምንት የግቢው ሠራተኛ ሁሉ ሐሙስ ዕለት ለስብሰባ እንደሚወጣ ተነገረ። ተረኛ ሆኖ የሚቀረው አይጠፋኝ ነው። ሰኞ ዕለት ተከሳሾቹን ሰብስቦ «ሐሙስ ማንም እንዳይመጣ፤ እኔ እሞላዋለሁ» አላቸው። ሲወጡ በያጁን በእጅጌው ያዘው።

«አንተ ግን ና። ማሽንህን ይዘህ ና። ይቺ ወንበር ጡብ ላይ እንደ ዶሮ ተቀምጣ እስከ መቼ ታሳፍረኛለች?»

በያጁ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። አባቱን ለጎረቤት አደራ ብሎ፣ ማሽኑን በጋሪ ገፍቶ። ግቢው ጭር ብሏል፤ የበሩ ዘበኛ እንኳ ስብሰባው ላይ ምሳ አለ ሲባል ሰምቶ አብሮ ሄዷል። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ በያጁ ከቢሮው ጀርባ ተንበርክኮ የዛገውን ሲፍቅ፣ ሲያጣብቅ፣ ሲሞርድ ቆየ። አይጠፋኝ ፊቱን በጋዜጣ ጋርዶ ከአጠገቡ ቆሞ አንድ ጊዜ እንዴት ሰባት ነፍሰ ገዳዮችን በዓይኑ ብቻ እንዳቆመ ነገረው። ባለፈው ጊዜ ሲያወራው ሰባቱ ሦስት ነበሩ።

«አሁን ዝሆን ቢቀመጥባት አትነቃነቅም!» አለ ወንበሯን እየረገጠ።

«ዝሆን ዋስ አያገኝም፣ ጋሼ» አለ በያጁ ገመዱን እየጠቀለለ።

አይጠፋኝ እየሳቀ ገባና መዝገቡን ገልጦ፣ እጁን ሳያነሣ፣ አርባ አንድ ጊዜ «መጣ» ብሎ ጻፈ።

በዚያው ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ አንድ ሰው የተቃጠለውን ወርክሾፕ ዘበኛ በብረት ደብድቦ ክንዱን ሰበረው። ዘበኛው በበያጁ ላይ ዋናው ምስክር ነው። ደብዳቢው ፊቱን በበያጅ ጭንብል ሸፍኖ ነበር። «ማን ነው?» ሲሉት ዘበኛው «በያጁ ነው እንጂ ሌላ ማን ይሆናል?» አለ። ዐቃቤ ሕጓ፣ ተከሳሹ ምስክር እያስፈራራ ነውና ዋስትናው ተነሥቶ እስር ቤት ይቆይልኝ ብላ አመለከተች።

በያጁ ማመልከቻውን ይዞ እየሮጠ መጣ። በር ላይ ቆሞ መጀመሪያ ትንፋሹን፣ ከዚያ ቃሉን ፈለገ። «ጋሼ፣ እዚህ ነበርኩ አይደል?»

«ታዲያ የት ልትሆን!» አለ አይጠፋኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለው። በዘጠኝ ዓመት ፍርድ ቤቱ ያን መዝገብ አንድ ቀን እንኳ አምጣው ብሎት አያውቅም።

ማታውን ሱፉን ሲያስተኩስ ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት። ካውያውን ቁጭ አደረገችው።

«ወንበር ሲበይድልህ እንደነበር ንገራቸው። ሌላ አትጨምር።»

«ተከሳሽን ለራስ ጉዳይ ማሠራት ክልክል ነው፣ አንቺ ሴት።»

«ታዲያ ተቀጣ! አንተ ብትቀጣ ተግሣጽ ነው። እሱ ቢገባ ያን ዓይነ ስውር ማን ያያል?»

«መዝገቡ እያለ ወንበር ምን ያደርግልኛል? እኔ ያን መዝገብ ስገልጠው ዳኛው ከመቀመጫቸው ይነሣሉ።»

«ይነሣሉ» አለች ካውያውን መልሳ እያነሣች፣ «ለሻይ።»

በችሎቱ ቀን ኮሪደሩ ላይ በያጁ ጠበቀው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ እባክዎ፣ ሌሎቹን አትምጡ ማለትዎን ይንገሯቸው። የመጣሁት እኔ ብቻ መሆኔን» አለው።

«አንተ ዝም ብለህ ቁም። ዛሬ የእኔ ቀን ነው።»

አባትዬው ከግድግዳው ተደግፈው ይሰሙ ነበር። «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ብዙ ያወራል» አሉ። «ብዙ የሚያወራ ሹፌር መታጠፊያውን ያልፈዋል።»

ዐቃቤ ሕጓ እንደ ክር የቀጠነች ወጣት ናት። አይጠፋኝ አይቷት «ይቺን በአንድ ትንፋሽ» አለ በልቡ። መዝገቡን በሁለት እጁ ተሸክሞ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፈው የጸሐፊዋ ብርጭቆ ተንቃጨለ።

«ሐሙስ ዕለት ተከሳሹ መጥቷል?»

«መጥቷል። ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ከዓይኔ አልተለየም።»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ምን ያደርግ ነበር?»

አይጠፋኝ ከኋላ የተቀመጠውን አለቃውን በጎን ዓይኑ አየው። «ምክር እየሰጠሁት ነበር» አለ።

አንድ ሰው ሳቁን በሳል አፈነ። በያጁ አንገቱን ደፋ።

«መዝገቡን የሚሞሉት ሰዎቹን በዓይንዎ እያዩ ነው?»

«የኔ እመቤት፣ እኔ ሳላይ የጻፍኩት ፊደል የለም! በዘጠኝ ዓመት አንዲት መስመር ስታ አታውቅም።»

«እስቲ ተራ ቁጥር ሃያ ሰባትን ያንብቡልን።»

አነበበ። የቤት ደላላው ነበር፤ ሁልጊዜ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚቀመጠው ሽማግሌ። ከስሙ ፊት ለፊት፣ ሐሙስ በሚለው ሥር፣ ባማረ የእጅ ጽሑፍ «መጣ» ይላል።

ዐቃቤ ሕጓ አንዲት ወረቀት ከፍ አደረገች። ድምፅዋን እንኳ አልጨመረችም። «ይህ ሰው ማክሰኞ ዕለት ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ረቡዕ ተቀበረ። ሐሙስ እርስዎ ዘንድ መጣ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ እስኪበርድ አይጠፋኝ ያቺን ቃል እያየ ቆየ። ሽማግሌው ደላላ መሞታቸውን አልሰማም ነበር። ሰኞ ሳይመጡ ሲቀሩም «መጣ» ብሎ ጽፎላቸዋል።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። ደግ ሰው ናቸው። «ረጋ ብለው ይመልሱ» አሉ። «ሌሎቹን ሳያዩ ጽፈው ከሆነ አሁን ይናገሩ። ስለዚህ ሰው ያዩት ካለ ለብቻው እንሰማዎታለን።»

የመውጫው በር ይኸው ተከፈተለት። በያጁ ቀና ብሎ አየው። አይጠፋኝ ምላሱ ጫፍ ላይ ሁሉም ነገር ነበረው፤ ወንበሯ፣ ጡቦቹ፣ ጋሪው፣ ጋዜጣው ላይ ያረፈው የእሳት ፍንጣሪ። ወንበሯ አሁን እዚያው ሥር፣ ሃያ ደረጃ ወርዶ፣ አዲሱ የብየዳ ስፌቷ እያበራ ቆማለች፤ ሄደው ቢያዩዋት ትመሰክር ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ «ዋሽቻለሁ።» ግን አለቃው አለ። ከኋላ ረድፍ ደግሞ ሦስት የገዛ ተከሳሾቹ የእሱን ጀብድ ሊሰሙ መጥተው ተደርድረዋል። አፉን ከፈተ። ዘጠኝ ዓመት የለመደው ነገር በራሱ ጊዜ ወጣ።

«ክቡር ዳኛ፣ መዝገቤ አይሳሳትም። የተሳሳተው ምናልባት ሆስፒታሉ ይሆናል።»

በዚህኛው ላይ ዳኛው ራሳቸው ሊስቁ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። በያጁ ብቻ አልሳቀም።

ውሳኔው ሻይ የማፍላት ያህል እንኳ ጊዜ አልፈጀም። ሟች በሚመላለስበት መዝገብ ማንም የትም እንደነበረ ማስረዳት አይቻልም ተባለ፤ ዋስትናው ተነሣ። ፖሊሱ ሲመጣ በያጁ መጀመሪያ የአባቱን እጅ ይዞ በሩ አጠገብ ባለው የመደገፊያ ብረት ላይ አሳረፈው፤ የሚጨብጡት ነገር እንዲኖራቸው። ከዚያ እጁን ለካቴና ዘረጋ።

አይጠፋኝ መዝገቡን አቅፎ ሲወጣ ሽማግሌው በኮቴው ለዩት።

«አንተ ሰውዬ። እስከ ዛሬ አንድም ሰው አልጠፋብህም አሉ?»

አይጠፋኝ መዝገቡን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«እኔ ግን አንድ ልጅ ጠፋብኝ።»

በማግሥቱ የበያጁን ፋይል የሚዘጋው ቅጽ ቀረበለት። «ተከሳሹ ጠፍቷል?» ይላል አንደኛው ጥያቄ። «አልጠፋም» ብሎ ሞላ። አለቃው ስለ ሟቹ ጉዳይ አንድ የተግሣጽ ደብዳቤ ጽፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተውና፣ የምስጋናውን ወረቀት ቀና ብሎ አይቶ «እሱስ እውነት ነው፤ የጠፋ የለም» አለ። ወረቀቱ ከግድግዳው አልወረደም።

አለቃው እንደወጣ አይጠፋኝ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። አልተነቃነቀችም።

ቤቱ ውስጥ የተለወጠው ነገር ትንሽ ነው። ሚስቱ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሳህን በሳህን ከድና ወደ ሽማግሌው ትሄዳለች። ስትመለስ «እንዴት ናቸው?» ሲላት «ሄደህ እያቸው» ትለዋለች። ካልሲውን ስለመፈለግ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል አልተነፈሰችም፤ አንድ እግር ጥቁር አንድ እግር ቡናማ አድርጎ ሲወጣ እያየች ታሳልፈዋለች።

በሦስተኛው ሳምንት ብርቱካን ገዝቶ እስር ቤት ሄደ። የሚናገረውን ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና ነው ያደረው፤ ዘጠኝ ዓመት ካወራው ሁሉ አጭሩ ነበር። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ከእሱ መዝገብ የሚወፍር መዝገብ ገለጠ።

«ስም?»

እናቱ ያወጣችለትን ስም ተናገረ። አይጠፋኝ አላለም።

ጠባቂው ሰዓቱን ግድግዳው ላይ አይቶ በጥንቃቄ ጻፈ፤ ራሱንም አስፈረመው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ። አይጠፋኝ ብርቱካኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አግዳሚ ላይ ጠበቀ። ሌሎች ጠያቂዎች ገቡ፣ አልቅሰው ወጡ። ብዙ ቆይቶ ጠባቂው ብቻውን ተመለሰ።

«አልወጣም አለ።»

«እኔ መሆኔን ነግረኸዋል?»

«ነግሬዋለሁ።» ጠባቂው ራሱን አከከ፤ ያልገባውን መልእክት የሚያደርስ ሰው ፊት ነበረው። «‹መጣ ብሎ ይጻፈኝ› በለው፣ ነው ያለኝ።»