ያልተቀባ አውራ ጣት

«እማ፣ ምን ላይ ነው የፈረምሽብኝ?»

ልጅቷ ይህን የጠየቀችው ውድድሩ በተጀመረ በሦስተኛው ጨዋታ፣ ማሊያዋን ጭቃ ሳይነካው ስትመለስ ነው። የቡድኑ ልብስ አጣቢ የሆነችው እናቷ ሃያ ሁለት ማሊያ ዘፍዝፋ እያሸች ነበር። ልጇ አሥራ ስምንት ዓመት ስላልሞላት ውሉ ላይ አውራ ጣቷን ያሳረፈችው እሷ ናት። ስለ ወረቀቱ የምታውቀው «ጥሩ ነው» መባሏን ብቻ ነው።

ወረቀቱ ልጅቷን ሁለተኛ በረኛ ያደርጋታል፤ ሌላ ክለብ ቢፈልጋትም ውድድሩ ሳያልቅ አይለቃትም። ሌላ ክለብ ፈለጋት። አልተለቀቀችም። ጓደኞቿ «ወንበሬ» የሚል ስም አወጡላት።

እናት በዚያው ሳምንት የጎልማሶች ትምህርት ቤት ተመዘገበች።

ሃያ አምስት ጨዋታ እንዲሁ አለፈ። ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት በነበረው ልምምድ ላይ የመጀመሪያዋ በረኛ ጣቷ ተሰበረ። ቡድኑ ካላሸነፈ ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል። በማግስቱ ጠዋት አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል፤ ልጅቷ የሦስት ሰዓት መንገድ እየቀራት ጓንቷን አጥልቃለች። ሥራ አስኪያጁ ወረቀትና የቀለም ሳጥን ይዞ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባ።

«እማማ፣ የልጅዎ አዲሱ ውል ነው። ጣትዎን ጣል ያድርጉልኝና እንሂድ።»

«ላንብበው።»

ሳቀ። «እርስዎ አንብበው እስኪጨርሱ ጨዋታው ያልቃል!»

እጇን በሽርጧ አደረቀች። ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አስቀምጣ ከንፈሯን ማንቀሳቀስ ጀመረች። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። አምበሏ በመስኮት ብቅ ብላ ጮኸች፦ «ወንበሬ! እናትሽ ለፈተና ነው እንዴ የምታጠናው?» አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ።

ልጅቷ እየሮጠች መጣች። «እማ፣ በናትሽ! ሁሉም ፈርሟል እኮ!»

«ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ሃያ አምስት ጨዋታ ጠብቄ?»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ ልጄ።»

«የተነደፍኩትስ እኔ! አንቺ ምን ሆንሽ?»

እውነቷን ነው። እናት ቀና ብላ ልታያት አልደፈረችም። ቀና ካለች መስመሩ ይጠፋባታል።

«ቡድኑ... ወደ ታችኛው ሊግ... ቢወርድም... ተጫዋቿ ለሦስት ዓመት... መልቀቂያ... አይሰጣትም።» የተሳሳተች መስሏት ደግማ አነበበችው። ያው ነው።

«ጌታው፣ ለዛሬው ጨዋታ የድሮው ውል ለልጄ አይበቃትም?» አለችው ሥራ አስኪያጁን።

«ይበቃታል። ግን ያልፈረመች አውቶቡስ ላይ አትወጣም። የክለቡ አሠራር ነው።»

«ፈርሚ» አለች ልጅቷ። «የመጣው ይምጣ። አንድ ቀን እንኳ ልጫወት።»

እናት አውራ ጣቷን አየችው። በሳሙና ተጨማድዷል። ከዚያ የቀለም ሳጥኑን ክዳን ገጠመችና ለሥራ አስኪያጁ መለሰችለት።

በዚያ ቀን ግብ ላይ የቆመችው ተከላካይ ናት። ሦስት ለአንድ ተሸንፈው ወረዱ። እናት የመጡትን ማሊያዎች ስታጥብ ልጅቷ አጠገቧ አልደረሰችም፤ ዘጠኝ ቀን አላናገረቻትም።

በአሥረኛው ቀን ማጠቢያው ጠርዝ ላይ ወረቀት አኖረች። ያኔ በውድድሩ መሃል የፈለጋት ክለብ ውል ነው።

«ይህንንም አንብቢው መቼስ» አለች ፊቷን አዙራ። «ዛሬ የሚጠብቅ አውቶቡስ የለም።»

እናት ከሰዓቱን ሙሉ አነበበች። ሲመሽ እስክሪብቶ ጠየቀችና ስሟን ጻፈች፤ የመጨረሻው ፊደል ከመስመሩ ወጣ።

የፈረሙት ሃያ አንዱ፣ አምበሏም ጭምር፣ ከወረደው ቡድን ጋር ቀሩ። እናትም ማጠቢያው ጋ ቀረች። ልጅቷ ሄደች።