ደመና የዋለ ቀን

ውሃውን ይይዘዋል እንጂ፣ ከላይ ያለው ሌላ ምን ያደርጋል፣ ልጄ ማራኪ ነገ ስብሰባ ላይ የምታቀርበውን ጮክ ብላ ታነብልኛለች፣ ቤቴል ሰፈር፣ ሳሎኗ ውስጥ፣ በአንድ ወንዝ ላይ ያሉ ሁለት አገሮች፣ ኪርጊዝ ከላይ ኡዝቤክ ከታች፣ በአንድ መንግሥት ሳሉ የታችኛው በብርዱ ወር ከሰል ይልካል፣ የላይኛው በሐሩሩ ውሃ ይለቃል፣ ተለያይተው የየራሳቸው ጌታ ሲሆኑ የላይኛው ውሃውን ለመብራቱ ያዘ፣ የታችኛው ጥጥ ደረቀ። ይሄን ለማወቅ አሥራ ስድስት ዓመት ተማረች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። አውቀዋለሁ።

አባታችን ሲሞት እኔና ኪዳን ተካፈልን፣ ቦዩ አንድ፣ የላይኛው መሬት ለእኔ፣ የታችኛው ለታናሼ፣ የውሃ አባትም፣ ተራ አካፋዩ፣ እኔው፣ በሰዓት ፋንታ ጥላዬን በእግሬ እሰፍራለሁ፣ ሰባት ጫማ ሲሞላ የእሱ ተራ ያበቃል፣

ማራኪዬ! ውሃ መጥታለች! ጎረቤቷ ዙቤዳ ናት፣ ከደረጃው ሥር፣ ባልዲሽን ደቅኚ፣ ኋላ ሄደችብኝ ብለሽ እኔ በር ላይ እንዳታለቅሺ! ማራኪ እየሳቀች ባኞ ቤት ትሮጣለች፣ ቧንቧው ያስላል፣ ይተፋል፣

ተመለሰች። አባዬ፣ እርስዎንም አስገብቻለሁ፣ ይስሙ፣ አባቴ ሃያ ዓመት ውሃ ሲያካፍሉ አንድም ሰው አላማረረባቸውም፣ ስምዎንም ጽፌዋለሁ፣ አያምርም?

አላማረረም። ምን ብሎ ያማርር፣ ደመና የዋለ ቀን ጥላ የለም፣ ሞላ ካልኩ ሞላ ነው፣ ጋሼ አሁን እኮ ነው የከፈትኩት አለኝ ኪዳን፣ አካፋውን እንደያዘ፣ ዝጋ አልኩት፣ ዘጋ። ሽንኩርቱ እያየው ደረቀ። መሬቱን ጥሎ እዚህ ከተማ አስኮ ሰፈር መጥቶ በቀን ሥራ የሰው ጉድጓድ ሲቆፍር አፈሩ ተናደበት። ለቀብሩ መጣሁ፣ አለቀስኩ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ።

ነገ ስሜ በማይክሮፎን ይጠራል፣ ይጨበጨብልኛል፣ ዝም ብል ማን ያውቃል፣ ዝምታ መቼ ቸግሮኝ ያውቃል፣

ሰርዢው፣ እላታለሁ።

እንዴ አባዬ፣ ምነው?

አጎትሽን ከመሬቱ የነቀልኩት እኔ ነኝ። በተራው ውሃውን እየቆረጥኩበት።

ታየኛለች፣ የኪዳን ዓይን ነው ያላት፣ እስከ ዛሬ ልብ አላልኩትም፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ታደርጋለች፣ መሥሪያ ቤት ባለጉዳይ በምታናግርበት ድምፅ፣ ስንት ተራ ቆረጡበት? ትለኛለች።

ሦስት፣ እላለሁ።

የቆረጥኩት አምስት ነበር።